የኢንተርቪው ወንበር

ሐብተማርያም በቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የተመታበት የካሜራ ማቆሚያ ከጎኑ ወድቋል። ኮሎምቢያ ሃይትስ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ የዩቲዩብ ጣቢያ ባለቤት ነበር፤ የሚወደው ሰው ግን እምብዛም አልነበረውም።

መርማሪ ጋዲሴ ስትደርስ የሟች ሸሪክ እህተማርያም ጣቷን በአንዲት የኮሌጅ ተማሪ ላይ ቀስራ ትጮሃለች።

«እሷ ናት! ለኢንተርንሺፕ ኢንተርቪው ሲያደርጋት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ!»

ተማሪዋ መቅሊት ትባላለች። በዚህ ከታሰረች ሕይወቷ እዚያው እንደሚያበቃ ታውቃለች።

«ምን ጠየቀሽ?» አለቻት ጋዲሴ።

«ሰደበኝ እንጂ ምን ጠየቀኝ! ጠዋት ስመጣ ያንን ቢሮው ውስጥ ያለውን ወንበር ከመኪናው ሲያወርድ አገኘሁት። ተቀመጪ አለኝ፤ ደገፍ ስል መደገፊያው እጥፍ ብሎ ልወድቅ! ታማርሪ እንደሆን ልይ ብዬ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ስወጣ ግን እሱ ደህና ነበር፤ አይ ስዌር፣ እምላለሁ!»

ጋዲሴ ወንበሩን ወደ ስቱዲዮው አስወጣችው። ሲያዩት እንከን የለውም። እህተማርያምን አስቀመጠቻት፤ እሷም ተደገፈች፣ ተንገዳገደች፣ ተሳደበች።

ጋዲሴ መደገፊያውን መልሳ አቀናችው። ቀጥሎ ደረሰ የሚባለው የጣቢያው ዜና አንባቢ ከውጭ ተጠርቶ መጣ።

«እኔ ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ከጠዋት ጀምሮ ኤርፖርት ታክሲ ድራይቭ ሳደርግ ነበር።»

«ይቀመጡ።»

ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ደገፍ ይበሉ እንጂ፣ አቶ ደረሰ።»

«ይቅርብኝ፤ መደገፊያው አይጸናም።»



«ማን ነገረዎት?» አለች ጋዲሴ። «ወንበሩ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። እዚሁ የነበረችው እህተማርያም እንኳ አላወቀችም። መቅሊት ተቀምጣበታለች፤ እሱንም አልደበቀችም። እርስዎ ግን ቢሮውን አልረገጥኩም እያሉ ጉዱን ያውቃሉ። እሷ ከወጣች በኋላ ሐብተማርያም እርስዎንም እዚያው አስቀምጦዎታል።»

ደረሰ ፊቱ ደም መሰለ።

«ዜና ማንበቡን በነፃ ለምትሠራ ልጅ እሰጣለሁ አለኝ! ልወድቅ ስል ደግሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ!»

ፖሊሶች በካቴና ይዘውት ወጡ። የእህተማርያም ድምፅ ወዲያው ለሰለሰ።

«የኔ ቆንጆ፣ ኢንተርቪውን አልፈሻል። የዛሬን ዜና አንብቢልን።»

«አሁን ነፍሰ ገዳይ ስትይኝ አልነበር?»

«ኢንተርን ሲሆኑ መቻል ነው እንግዲህ።»

መቅሊት ካፖርቷን አነሳች። ለአንድ ሴሚስተር የተመኘችውን ጣቢያ ዞራም ሳታየው በሩን በላዩ ወርውራ ዘጋችው።