ሳምራዊትና የጠበበው ፍሬም

ሳምራዊት ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ ነው። የምትኖረው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ነው። አባቷ አቶ ታዴዎስ የሥዕል ፍሬም ይሠራል። ኬንያውያን ደንበኞቹ «ፉንዲ» እያሉ ይጠሩታል፤ ባለሙያ ማለታቸው ነው። የሚሠራው ከቤታቸው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ገና በሩን ስትከፍቱ የኮላና የቫርኒሽ ሽታ ይቀበላችኋል።

የአቶ ታዴዎስ ፍሬም እንዲሁ አራት እንጨት እንዳይመስላችሁ። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚሣለውን ሐረግ ታውቁት የለም? ያ እየተጠላለፈ የሚሄደውን፣ ጫፉ የት እንደሆነ የማታገኙትን? እሱን ነው በመሮ እንጨቱ ላይ የሚቀርጸው። ሳምራዊትም ከሥር ከሥሩ እያለች ሙያውን ለመደች። እጇ ጎበዝ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን ጎበዝ መሆኗንም ታውቀዋለች፤ እንዲያውም ትንሽ አብዝታ ነው የምታውቀው።

በሰንበት ትምህርት ቤታቸው ብሩክታዊት የምትባል ዝምተኛ ልጅ አለች። ሥዕል ትችላለች። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ በዓል፣ ጌታ ሕፃናትን ሲባርክ የሚያሳይ ሥዕል በትልቅ ወረቀት ላይ ሣለች። መምህር ሱራፌል አይተውት ደስ አላቸው።

«ሥዕሉ የብሩክታዊት ነው፤ ፍሬሙን ደግሞ ሳምራዊት ትሥራው። አዳራሻችን ውስጥ እንሰቅለዋለን» አሉ።

ሳምራዊት ያን ቀን እየዘለለች ነው ቤት የገባችው። አባቷም ብቻዋን እንድትሠራው ፈቀደላት። አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት።

«ስሚኝ ሳሚ፣ ደጋግመሽ ለኪ። ደግሞ ከውስጥ በኩል ነው የሚለካው። እንጨቱ ራሱ ቦታ ይበላል።»

«አውቃለሁ እኮ አባዬ!»

ልጆች፣ ይህች «አውቃለሁ» የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ እንደሠራች ብነግራችሁ እዚሁ ይመሽብናል። ሳምራዊት የቁመቱን እንጨቶች በደንብ ለካች። የወርዱ ላይ ስትደርስ ግን ሐረጉን ለመጀመር ቸኮለችና ከውጭ በኩል ለካች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ቆረጠች፣ ቀረጸች፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ በኮላ አጣበቀች፣ ወርቃማ ቀለም ቀባች። ሐረጉ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉን ልታስገባ ሞከረች። አልገባም። አዙራ ሞከረች። አሁንም አልገባም። ፍሬሙ በወርዱ አራት ጣት ያህል ጠቧል።

አባቷ ሥራ ሊያደርስ ዌስትላንድስ ወደሚባል ሰፈር ሄዷል። ሳምራዊት ልትደውልለት ስልኩን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «አውቃለሁ ብለሽኝ አልነበር?» የሚላት መሰላት። በማግስቱ በበዓሉ ላይ ልጆቹ ሁሉ ባዶ ግድግዳ እያዩ ሲንሾካሾኩ ታያት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቆይ፣ ቶሎ አትመልሱ። ሰው ሲያፍር አእምሮው ያጥራል።

ጠረጴዛው ላይ ምላጭ ነበር። ሳምራዊት ሥዕሉን አየችው። በግራ በኩል ጌታ ሕፃናቱን አቅፎ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል እናቶች ተሰልፈዋል። ጥጉ ላይ ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀች አንዲት ሴት ቆማለች።

«እናቶቹ ብዙ ናቸው» አለች ለራሷ። «አንዷ ብትጎድል ማን ያስተውላል?»

ቆረጠቻት። ቁራጩን በሰጋቱራ ከረጢት ውስጥ ወሸቀችው። ከረጢቱንም ዶሮ የሚያረቡት ጎረቤታቸው ለዶሮዎቻቸው ሊያነጥፉት እንደ ልማዳቸው መጥተው ወሰዱት። ሥዕሉ ልክክ ብሎ ገባ። ሳምራዊትን ግን እራት አልበላ አላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። መምህር ሱራፌል መሸፈኛውን ጨርቅ ገለጡት። እናቶች እልል አሉ።

«አቤት ይሄ ሐረግ! የልጅ እጅ ነው የሠራው?» አሉ አንድ አዛውንት።

«ሳሚ፣ ፍሬሙ ሶ ቢውቲፉል!» አለች ጓደኛዋ ኪያ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሳምራዊትም ሳትፈልግ ፈገግ አለች። ትናንት ያደረገችውን ለአፍታ ረሳችው።

የብሩክታዊት እናት ሜሮን ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት። እሑድ ሥራ ስለሚበዛ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ከስንት አንዴ ነው። የዚያን ዕለት ግን ለምና ፈቃድ አግኝታ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በማታቱ ታክሲ ስትጣደፍ መጣች። ልጇ «እማዬ፣ አንቺንም ሥዬሻለሁ፤ ሽርጥሽን እንደታጠቅሽ» ብላታለቻ!

ሜሮን ሥዕሉ ፊት ቆመች። ከግራ ወደ ቀኝ አየች። ደግማ አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ብሩኬ፣ እኔ የታለሁ?»

ብሩክታዊት ቀረብ ብላ በጣቷ ልታሳያት ሞከረች። ጣቷ ያረፈው ሐረጉ ላይ ነው። «እዚህ... እዚህ ነበርሽ እኮ እማዬ!»

ሜሮን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተይው የኔ ልጅ። በሽርጥ ጌታ ፊት መቆም አይሆንም ብለው ይሆናል። እውነታቸውን ነው።» ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ በሩ አመራች።

ሳምራዊት ከኋላቸው ቆማ ሁሉንም ሰማች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ያቺ ሴት ግን ቤተ ክርስቲያን አልፈለገችኝም ብላ ልትሄድ ነው። ምናልባትም ሁለተኛ አትመጣም።

ሮጣ በሩ ላይ ደረሰችባት። «አንቲ! አንቲ፣ ይቆዩ! እኔ ነኝ የቆረጥኩዎት!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ፍሬሙን አጥብቤ ሠራሁት። መሳሳቴን መናገር አፈርኩ። ስለዚህ... ሥዕሉን ቆረጥኩት። ሌላ ማንም የለበትም።» ሁሉም እያያት ነበር፤ እሷ የምታየው ጫማዋን ብቻ ነው።

«በሽርጤ ምክንያት አይደለም?» አለች ሜሮን።

«አይደለም አንቲ። ሶሪ። በጣም ሶሪ።»

ሜሮን በረዥሙ ተነፈሰች። ብሩክታዊት ግን ዕንባዋ መጣ። «ብትነግሪኝ እኮ እንደገና እሥለው ነበር» አለች። «እናቴን ለምን ቆረጥሻት?»

አቶ ታዴዎስ አልተቆጣትም። ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዶ ቤት ወሰደውና ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ሐረግሽ ያምራል ሳሚ። ግን ሰው አስወጥቶ የተሰቀለ ፍሬም እኔ ቤት አልተሠራም። ራስሽ ፍቺው።»

ፈታችው። ኮላው ደርቆ ስለነበር ያ ሁሉ የደከመችበት ሐረግ እጇ ላይ ተሰነጣጠቀ። እያለቀሰች ፈታችው። ለንስሐ አባቷም ሄዳ ተናገረች። ከዚያ ሌላ እንጨት ቆረጠች፤ በዚህኛው ላይ ሐረግ አልቀረጸችም። ብሩክታዊት መጀመሪያ አኩርፋት ነበር። ኋላ ግን መጣችና የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዘችላት፤ አብረው ከውስጥ በኩል ለኩ። እናቷንም በአዲስ ወረቀት ላይ ሥላ ከሥዕሉ ጎን አጣበቀቻት። መጋጠሚያው ግን አልጠፋም፤ ቀለሙም ትንሽ ይለያል።

ሥዕሉ እንደገና በተሰቀለ ዕለት ሜሮን መጣች። አየችና «አይ ልጄ! የሽርጤን ኪስ እንኳ አልረሳሽም!» ብላ ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳምራዊትን ጠርታ ግንባሯን ሳመቻት። ያ መሳም ከቁጣ ሁሉ በላይ ሳምራዊትን አሳፈራት።

እስካሁንም እንግዳ መጥቶ «ይሄ መስመር ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላ ሰው እንዲመልስላት አትጠብቅም። ፊቷ በርበሬ ይመስላል፤ ቢሆንም ቀና ብላ «እኔ ቆርጬው ነው» ትላለች።

ልጆች፣ ስሕተታችንን ለመሸፈን ስንል ሌላውን ሰው አንጉዳ፤ ብናፍርም እውነቱን እንናገር።