የቮላኖው ስንጥቅ

በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት፣ ኅዳር ሲገባ፣ በወንዙ ዳር ያለው የእንፋሎት ወፍጮ ለዘማቹ ሠራዊት ዱቄት ሲፈጭ ውሎ ያድር ነበር። ሥራውን የሚያረጋጋው ቮላኖው ነው፤ ይህም ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት መንኮራኩር ሲሆን፣ እንፋሎቱ ሲበረታ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲደክም ያጠራቀመውን ይመልሳል፤ ስለዚህም የወፍጮው ድንጋይ ሳይንገራገጭ ይዞራል። እንፋሎቱ ከተዘጋ በኋላም ቶሎ አይቆምም።

አንድ ቀን ጠዋት የወፍጮው ሞተረኛ ዘይት ሊቀባ ቮላኖውን ባቆመበት ጊዜ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አየበት። ወዲያው የዱቄቱን ሥራ ወደሚያዘው ሻለቃ ሄደ፤ ሻለቃውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን እርሱም የበላዮቹን ይፈራ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህ ብረት ከፈነዳ ግድግዳም አይመልሰው፤ አንድ ቀን ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«ሠራዊቱ ነገ ይነሣል። ዛሬን እንደምንም ግፋው» አለ ሻለቃው፣ ቀና ብሎ ሳያየው።

ሞተረኛው እንፋሎቱን ከፍቶ፣ ጆሮው ቮላኖው ላይ ተተክሎ ዋለ። ከቀትር በኋላ ስንጥቋ እየሰፋች መሆኑን በድምፁ ዐወቀ፤ ብረቱም ያቃስት ጀመር። እንፋሎቱን ዘጋ።

ያን ጊዜ ተሳሳተ። በዚያ ወፍጮ ቤት የእንፋሎቱ ፉጨት ዝም ሲል፣ ቮላኖው ገና እየዞረ፣ ጠራጊዎቹ ከሥሩ ገብተው የፈሰሰውን ዱቄት መሰብሰብ፣ ፉጨቱ ሲመለስም መውጣት ልማዳቸው ነበር፤ እስኪቆም የሚጠብቅ ሰው ሰነፍ ይባላል። ሦስት ሴቶች መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ፤ የፊተኛዋ፣ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ነበረች።

«እትዬ፣ ውጪ! ከዚያ ውጪ!» ብሎ ጮኸ፤ የድንጋዩ ድምፅ ዋጠው። እርሷም ሰላም ያላት መስሏት እጇን አነሣችለት። ሮጦ እንዳይደርስባት ቮላኖው በመካከላቸው ነው። ሞትን ፈራ፤ ከኋላው ያለው በር ክፍት ስለ ነበር መሸሽም አማረው።

እንፋሎቱን መልሶ ከፈተ።

ሴቶቹ ፉጨቱን ሲሰሙ፣ ይህ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው እያሉ፣ እየተሳሳቁ ወጡ። ከደጃፉ ጥቂት ራቅ እንዳሉ ቮላኖው ተበተነ፤ ጣሪያውንም ሞተረኛውንም ይዞ ሄደ።

የዘመቻው ጸሐፊ፣ በተሰነጠቀ ቮላኖ ላይ እንፋሎት የለቀቀ ሞተረኛ ወፍጮውን አጠፋ ብሎ ጻፈ። እኅቱ ነገሩ የገባት ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ለሻለቃው ልትናገር ሄደች፤ በር ላይ ያለው ዘበኛ ግን ሥራ ላይ ናቸው ብሎ መለሳት። ታሪክ የያዘው የጸሐፊውን ቃል ነው፤ ሐሰትም የለበትም፤ የጎደሉት ሦስቱ ሴቶች ብቻ ናቸው።