የደመናው ሆድ

ፍቅር ያጣድፋል፤ የሁሉም ጦስ ይኸው ነው።

እሷ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። ሳተላይት ከሚልከው ምስል ተነስታ ደመናው ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል በረዶ እንደ ተሸከመ ትገምታለች። እሱ የትንሽ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አብራሪ ነው። የተዋወቁት በስልክ ነበር፤ «የዛሬ ደመና ጠባዩ እንዴት ነው?» ሲላት «ካንተ ይሻላል» ብላው። ከዚያ ወዲህ በረራ በሌለውም ቀን ስለ ደመና መጠየቅ አበዛ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር ሊተዋወቅ ቀጠሮ ነበረው።

«ደመናዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ! አባትሽ ገና ሳያዩኝ አርፋጅ ሊሉኝ ነው» አላት ከሌላ ከተማ ደውሎ፤ ለመነሳት የእሷን ቃል እየጠበቀ ነበር።

ምስሉን አየች። የደመናው አናት በረዶ ነው። ደረቅ በረዶ ክንፍ ላይ አይጣበቅም፤ የሚያስፈራው ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ገና ያልረጋ ውሃ ነው፤ ክንፍ ሲነካ ወዲያው ግግር ሆኖ ይለጠፋል። ይህ ውሃ ደግሞ ደመናው ሆድ ውስጥ ይደበቃል። ሆዱን የምታየው ሌላዋ ሳተላይት፣ ባለ ራዳሯ፣ እስክታልፍ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን «ጠብቅ» ትለው ነበር።

«በረዶ ብቻ ነው፤ ና» አለችው።

ውሃ ነበረበት። ክንፎቹ ከበዱና አውሮፕላኑ ማረፊያው ሳይደርስ ሜዳ ላይ ወደቀ። እግዜር አውጥቶት ክንዱ ብቻ ተሰበረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአደጋው አጣሪዎች ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጽሑፍ ትንበያ ሳይዝ ተነስቷል ተብሎ የማብረር ፈቃዱ ሊነጠቅ ነው። ማን ነገረህ ሲሉት አፉን ዘግቷል።

«እሷ ናት በላቸው!» አለችው።

«አበዛሽው እኮ። እኔ መኪና ነድቼም እኖራለሁ። አንቺ ደመና ከተከለከልሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ይህን ሰው እንዴት አትወደው! ግን የሞተር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሲሸሽ አየች። ጠዋት አባቷን ስታማክር «ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ያ ልጅ ምን ይሁን?» ነበር ያሏት።

ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አብራሪውን ጠራች። እሷ ቀድማ ተነሳች።

«ኧረ ተይ! ተቀመጪ!» በደህናው እጁ ክንዷን ያዘ።

«ልቀቀኝ፣ የኔ ጌታ።»

ገባች። «ና ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አናቱን ብቻ አይቼ ሆዱን አወቅሁ አልኩ።»

«ለምን አልጠበቁም?» አሉ ሰብሳቢው።

«ቶሎ እንዲመጣልኝ ፈልጌ።»

እሱን ስድስት ወር ከማብረር አገዱት፤ እሷን ከትንበያ አንስተው የድሮ ምስሎች መዝገብ ቤት አስገቧት። ውሳኔውን ሰምተው ደረጃውን ወረዱ።

በሩ ላይ ቆመ። «አባትሽ ቤት አሉ?»

«አሉ።»

ሰማዩ ጠቁሯል። «ይዘንባል እንዴ?»

ቀና ብላ ብዙ አየች። «አላውቅም» አለች፤ እንባዋ እየወረደ። «እንጠብቅ።»

ጎኗ ቆሞ ጠበቀ።