«በማሽኔ ሞክሬዋለሁ»

መምህሩ የሞቱት ከምሳ በኋላ በሚያሸልቡባት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው። ትንሿ ኮምፒውተራቸው አጠገባቸው ባለው አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብሱ መሐል፣ ኤሌክትሪክ እንደተሰካባት ነበረች። ባትሪዋ ነደደ፣ ብርድ ልብሱ ጨሰ፣ ጢሱም የተዘጋችውን ጠባብ ክፍል ሞላት። እሳቱ ራሱ ከአልጋው አላለፈም። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን እያንኳኳች ስለነበር፣ ጢሱ በበሩ ሥር ሾልኮ አፍንጫዋ እስኪደርስ ምንም አላወቀችም። በሩን በርግዳ ስትገባ አባቷ አንገታቸውን ወደ ግራ ጣል አድርገው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘቻቸው።

መርማሪው የዚያኑ ቀን ተጠርቶ መጣ። በመሥሪያ ቤቱ «ቆይ እስቲ» ነው የሚሉት። ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ሲል እሱ እጁን አንሥቶ «ቆይ እስቲ» ሳይል የፈረመው ወረቀት የለም ይባላል። የዚያን ቀን ግን አላለም። ጉልበቱን አሞት ነበር፣ የጢሱ ሽታም ጉሮሮውን ከረከረው። ከደፉ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ አየና ባትሪውን ማን እንደገዛው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «የድሮው ደክሞበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ገዛሁለት።»

መርማሪው ቢሮው ተመልሶ «የቃጠሎው ምክንያት፦ ከገበያ የተገዛ ጥራት የጎደለው ባትሪ» ብሎ ጻፈ። ፈረመ፣ ማኅተሙንም መታበት።

በስምንተኛው ቀን ልጅቷ ያንን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ይዛ ቢሮው መጣች። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«ምን ልርዳሽ፣ እህቴ?»

«ይሄን እንዲያነቡልኝ ነው።»

«ማንበብ ያቅትሻል?»

«አያቅተኝም። እኔ ሳነበው ግን ሁልጊዜ ‹አባትሽን ገደልሽው› ነው የሚለኝ። እርስዎ ሲያነቡት ሌላ ነገር ይል እንደሆን ብዬ ነው።» «አክስቴ በለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ወንድሜን በርካሽ ዕቃ ጨረሰችው› አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አትረግጥም። እኔም መርፌ አልጨበጥኩም። መኪናዋን በነካሁ ቁጥር ያቺ ሰዓት ትመጣብኛለች።»

መርማሪው ወረቀቱን ተቀበላት። ከበር ላይ ሆኖ ያየውን እንደመረመረ አድርጎ ጽፎታል። ፊቱ ጋለ፣ ጆሮው ነደደ፣ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። በሠላሳ ዓመት ሥራው ብዙ ሰው አሳፍሯል። የራሱን ኀፍረት ግን እንዲህ በእጁ ይዞ አያውቅም።

«ቆይ እስቲ» አለ በመጨረሻ፣ ስምንት ቀን ዘግይቶ።

የዚያኑ ቀን ከአልጋው ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ ፈለገ። ያመመው ጉልበት እሪ ቢልም አልተነሣም። የቀለጠችውን ኮምፒውተር ባለሙያ ፈታት። ፕሮግራሟ የተጻፈባት የመረጃ ካርዷ ጥግ ላይ ስለነበረች አልተቃጠለችም። ባለሙያው ካርዷን አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ባትሪው ምንም ጥፋት የለበትም። ሻጩ ዘንድ የቀሩትን ሁለቱን ሞከርኳቸው፣ ደህና ናቸው። ኮምፒውተሯ ናት ‹ጠጣ፣ ጠጣ› ስትለው የነበረችው። አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ላይ መሙላት ማቆም ነበረባት። እዚህ የተጻፈላት አራት ነጥብ ስድስት ነው። ባትሪው ወርቅ ቢሆን ኖሮም ይነድ ነበር።»

«ማነው የጻፈላት?»

«እሱማ የእርስዎ ሥራ ነው።»

መምህሩ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። ከሦስት ወዳጆቻቸው፣ ከአንዲት ፋርማሲስት፣ ከአንድ የፖስታ ቤት ጸሐፊና ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጋር «ቅንጣት» የሚባል ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከግዑዝነት አንቅቶ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ይወዱ ነበር። በዓለም ላይ ከጥቂት መቶ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። መብራት ቆጣቢ የሆኑ አዳዲስ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሲወጡ፣ አራቱ ቅንጣትን ለእነሱ እንዲስማማ ማበጀት ጀመሩ። የሚከፍላቸው ቀርቶ የሚያመሰግናቸውም አልነበረም፤ የየራሳቸው ቤተሰብ እንኳ «እነዚያ እብዶች» ነበር የሚላቸው። መምህሩ ግን አንድ ሕግ አውጥተው ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው በገዛ ማሽኑ ሳይሞክርና «በማሽኔ ሞክሬዋለሁ» ብሎ ስሙን ሳያኖር ምንም ነገር ሁሉም ፕሮግራሙን ወደሚጭኑበት የጋራ መዝገብ አይገባም።

መርማሪው መጀመሪያ የሄደው ወደ ፋርማሲስቷ ነው። የባትሪውን ክፍል የጻፈችው እሷ ናት። መድኃኒት የምትመዘግብ ይመስል ሁሉን በደብተር ታሰፍራለች። ምንም ሳታመነታ ደብተሯን አውጥታ ገለጠችለት።

«ይኸው፣ የመሙያው ጣሪያ። አራት ነጥብ…» ጣቷ ቆመ። «አራት ነጥብ ስድስት። ይሄማ የድሮው ማሽን ቁጥር ነው!»

«የአዲሱ ስንት ነው?»

«ሁለት… አራት ነጥብ ሁለት።» ወንበሯ ላይ ተዘረጋች። «ገልብጬው ነው። የኔ ማሽን የድሮው ነው፣ አዲሱ የለኝም። ለዚህ እኮ ነው ሞካሪ የሚያስፈልገው! ሰዓት ሠሪው ሞክሮታል።» ፈጥና የጋራውን መዝገብ በስልኳ ከፈተች። መዝገቡ ላይ ያለው ግን አራት ነጥብ ሁለት ነው። ደብተሯን አየች፣ ስልኳን አየች። «እንዴ፣ ልጄን ይንሳኝ፣ እኔ እንዲህ አልጻፍኩም።»

ሁለተኛው የፖስታ ቤት ጸሐፊው ነበር። ዕረፍት ስለማያውቅ «ጉንዳን» ይሉታል። የመዝገቡ ጠባቂ እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ከመስኮቱ ጀርባ፣ ሳትሰካ በባትሪዋ እየሠራች ነበር።

«አዲሷ ናት?»

«አዎ፣ አዲሷ ናት።»

«ታዲያ ያንተ ለምን አልነደደችም?»

ጉንዳን አንገቱን ደፋ። «የመጨረሻውን ሥራ አልጫንኩትም። ከጋሼ፣ ከመምህሩ ጋር ተኳርፈን ነበር። ‹ትቸኩላለህ› ብለው ሰው ፊት ገሠጹኝና እሳቸው ያጸደቁትን አልጭንም ብዬ አኮረፍኩ። ኩርፊያዬ አተረፈኝ። ይሄ ይወራል? እንዳፈርኩ አለሁ።»

«መዝገቡን ማን ማን ያርማል?»

«ሦስታችንም። ቁልፉ የጋራ ነው። ማስተካከያ ላይ ስም አይወጣም፣ ስም የሚወጣው ሙከራው ላይ ብቻ ነው።»

መርማሪው መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበ። «ይሄ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ተጻፈ የሚለው ምንድን ነው? ሁለት ቦታ አለ።»

ጉንዳን ሳይወድ ፈገግ አለ። «እሱን ይተዉት። ማሽን ሰዓቱ ሲጠፋበት ከመቁጠሪያው መጀመሪያ፣ ከዛሬ ሃምሳ ዓመት ይነሣል። ቅንጣት ቀኑን ከኢንተርኔት ማምጣት ገና አልቻለም፣ በእጅ ካልሞሉለት እንደዚያ ይቀባጥራል።»

«ሰዓቱ የሚጠፋው መቼ ነው?»

«ባትሪ ሳይኖረው ከግድግዳው ሲነቀል።»

መርማሪው ሁለቱን መስመሮች ገለበጠና ደብተሩን ከደነ።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ውስጥ ግድግዳውን የሞሉት ሰዓቶች በአንድ ልብ ይቆጥራሉ። ሰውዬው ሽማግሌ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ነው። መምህሩን ባነሣ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀራል። ኮምፒውተሩ መደርደሪያ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ተሰክታ ተቀምጣለች።

«ወንድሜ ነበሩ» አለ። «ይቺንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«የባትሪውን ሥራ ሞክረውታል?»

«ሞክሬዋለሁ።» ይህን ሲል የሚወለውለው የሰዓት መስታወት ድሮውንም ንጹሕ ነበር። «ቁጥሩ ልክ ነው። መዝገቡን ይዩት።»

«አየሁት።» መርማሪው ወደ መደርደሪያው ተጠጋ። «የኮምፒውተርዎ ሰዓት ግን ልክ አይደለም።»

«ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው።

እሑድ ጠዋት ሁሉም በዚያችው በጠቆረችው ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆመች። አክስቷም በግድ ተጠርታ መጥታ፣ ጀርባዋን ለልጅቷ ሰጥታ ተቀመጠች። መርማሪው ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ዘረጋ።

«ይሄን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን እዚያ ደፍ ላይ ነበር የቆምኩት፣ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ጉልበቴን አሞኝ ነበር ብል ምክንያት አይሆንም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጽፌ፣ ይቺ ልጅ በአባቷ ደም እንድትጠየቅ አደረግኩ። ሌላውን ከመናገሬ በፊት ይሄን ልናገር ብዬ ነው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ባትሪው ደህና ነበር። የገደለው ቁጥር ነው። በመምህሩ ካርድ ላይ አራት ነጥብ ስድስት አለ፣ በመዝገቡ ላይ አራት ነጥብ ሁለት። መምህሩ የጫኑት ከዚያው መዝገብ ነው። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው መዝገቡን አርሞታል። ማን ነው? ፋርማሲስቷ ብትሆን ኖሮ ደብተሯን ሳልጠይቃት ባላወጣችልኝ ነበር። ስሕተቱን ያገኘችው ፊቴ ነው።»

ፋርማሲስቷ አፏን በመሐረብ ይዛ ታለቅሳለች።

«ጉንዳንም አይደለም። እርማቱ የተጻፈው ሰዓቱ ከጠፋበት ማሽን ነው። የጉንዳን ኮምፒውተር ባትሪ አላት፣ ሳትሰካ ስትሠራ አይቻታለሁ። ፋርማሲስቷም የድሮ ማሽኗን በባትሪ እያሠራች ከሱቅ ወደ ቤት ትመላለሳለች፣ አንድም ቀን ሰዓት ጠፍቶባት አያውቅም። ባትሪ የሌለው አንድ ማሽን ብቻ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ። የሚገርመው እሱ ያለው ሰዓት ሠሪው ቤት ነው።»

ሰዓት ሠሪው እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ቀበረ።

«እርማቱ ብቻ ቢሆን ደንግጠው ነው እል ነበር» ቀጠለ መርማሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሃምሳ ዓመት ወደኋላ የተጻፈው መስመር ግን ሁለት ነው። ሌላኛው ስም አለው። በመዝገቡ ተራ ሲታይ መምህሩ ከመሞታቸው ከሳምንት በፊት የገባው ነው፤ ‹የባትሪ መሙያ፣ በማሽኔ ሞክሬዋለሁ› ይላል። እንግዲህ ይንገሩኝ። ባትሪ በሌለው ማሽን ላይ ባትሪ መሙላት እንዴት ይሞከራል?»

«አይሞከርም» አለ ሰዓት ሠሪው።

እጆቹን ከጉልበቶቹ መሐል አውጥቶ አያቸው። «ማሽኗ ከእጄ ወደቀች። ባትሪዋ ተጣመመ፣ አውጥቼ ጣልኩት። እሳቸው የሰጡኝ ዕቃ ናት። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሰዓት የያዘ እጅ የወዳጁን ስጦታ ጣለ ብዬ ለመናገር አፈርኩ። ሥራው ሲመጣልኝ ማሽኗ ተነሣች፣ ስክሪኗ በራ፣ ‹ይሄ ከሠራ ሌላውስ ምን ይሆናል› ብዬ ፈረምኩ። ሲሞቱ ቁጥሩን አየሁት። አረምኩት። ከዚያ ጥፋቱ የባትሪው ነው ሲባል… ዝም አልኩ። ልጃቸው ስትወቀስ እያየሁ ዝም አልኩ። ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄ ነው የገደለኝ።»

«የገደለህ?» አለች አክስቲቱ፣ «አንተማ አለህ!» ከዚያ ዞር ብላ ልጅቷን አየች። ቀስ ብላ ተነሥታ፣ ወደ በሩ ሄዳ የወንድሟን ልጅ እጅ ያዘች። «እኔም ያላየሁትን ነው የተናገርኩት» አለች። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ እጇን አልነጠቀችም። ዓይኗ ግን ሰዓት ሠሪው ላይ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤታቸው ሲገባ ሲወጣ እያየች ያደገችው ሰው ነው።

«ጋሼ» አለችው። «ወደቀችብኝ ብለው ቢነግሩት ኖሮ አባዬ ምን የሚል ይመስልዎታል?»

ሰዓት ሠሪው ወደ መምህሩ ወንበር ተመለከተ። ጉንዳን መሬት መሬት ያያል። መርማሪውም እንደገና የጻፈውን ወረቀት በእጁ እንደያዘ ቀና አላለም።

«ይስቁ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው። «ስቀው ‹አምጣት እስቲ፣ አብረን እንጠግናት› ይሉኝ ነበር።»