የተኛ ሰው በር

«በይ እንግዲህ፣ አንኳኪያ!» አለች ሚርና፣ ስልኳን ረውዳ ላይ ደግና።

ረውዳ ቡጢዋን ጨብጣ በአባቷ ጀልባ ጠርዝ ላይ ተንበርክካለች። ከኋላዋ የክፍሏ ልጆች አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ጥፋቱ የራሷ ነው። ሚርና ዘንድሮ ከካይሮ መጥታ «እዚህ በረሃ ደግሞ ምን አላችሁ?» ብትላት፣ አፏ አላርፍ ብሏት «እኔ የጀልባውን ጎን ሦስቴ ስመታ ዶልፊኖች ይመጣሉ። ያውቁኛል» ብላ መለሰች። ወሬው በአንድ ቀን ትምህርት ቤቱን አዳረሰው።

ነገሩ ጨርሶ ውሸት አልነበረም። የረውዳ ዘመዶች፣ የአባብዳ ጎሣ ዓሣ አጥማጆች፣ ዶልፊንን «አቡ ሰላማ» ይሉታል፤ የደህንነት አባት ማለታቸው ነው። ክፍት ባሕር ላይ ሲያገኙት ሰላምታቸው የጀልባውን ጎን ሦስቴ ማንኳኳት ነው። አቡ ሰላማም ድምፁን ሰምቶ እየዘለለ ይመጣል። ግን የሚያንኳኩት ሁልጊዜ አያቷ ነበሩ። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ አጨበጨበች እንጂ ሌላ ምን ሠራች?

ዛሬ ደግሞ ያሉት ክፍት ባሕር ላይ አይደለም። ከከተማቸው ከመርሳ ዓለም ማለዳ ተነሥተው የመጡት፣ የኮራል ድንጋይ ግንብ ከማዕበል ወደሚከልለው ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ዶልፊኖቹን ለመጠበቅ ከተዘረጋው ተንሳፋፊ ገመድ ወዲያ ጀልባም ዋናተኛም አያልፍም። ዶልፊኖቹም እዚያው፣ ከገመዱ ወዲያ ነበሩ።

ሠላሳ ይሆናሉ። አይዘሉም፣ አይሯሯጡም። ተጠጋግተው አብረው ብቅ ይላሉ፣ አብረው ይጠልቃሉ። ሌሊቱን ሲያድኑ አድረው ቀን የሚተኙት እንዲህ ነው፤ እየዋኙ፣ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ጥላቸው ከታች አሸዋው ላይ ሲንሸራተት ይታያል። ረውዳ ስንቴ አይታቸው አልጠገበቻቸውም። እንዲህ የሚያምር እንቅልፍ የትም አላየችም።

አያቷ እዚህ ሲደርሱ ሞተር አጥፍተው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። አንድ ቀን «እዚህስ ለምን አታንኳኩም?» ብትላቸው ገርሟቸው አይተዋት «የተኛ ሰው በር ይንኳኳል እንዴ፣ ልጄ?» አሏት።

«ፈራሽ እንዴ?» አለች ሚርና። «ቀደዳ ነው ብያችሁ አልነበር!»

ሦስት ምት ብቻ። ከመጡላት ዓመቱን ሙሉ ንግሥት ናት። ካላንኳኳች ግን እስከ ሰኔ «ቀዳጇ» ተብላ መቅረቷ ነው። ረውዳ እጇን አነሣች።

ይሄኔ አንዲት እናት ዶልፊን በገመዱ ጥግ ብቅ ብላ «ፉፍ!» ብላ ተነፈሰች። ትንሽ ዘግየት ብሎ ከጎኗ ሌላ ትንፋሽ ተሰማ፤ የድመት ማስነጠስ የሚያህል። ልጇ ነው። ከእናቱ ጎን ተለጥፎ አብሯት ሰመጠ።

ረውዳ ቡጢዋን ፈታች። መዳፏን እንጨቱ ላይ በቀስታ አሳረፈች።

«አላንኳኳም» አለች። «ተኝተዋል። ደግሞ… የሚጠሯቸው አያቴ ናቸው። እኔን አያውቁኝም።»

«ይኸው! አላልኳችሁም?» ሚርና ጮኸች። ጀልባው በሳቅ ተሞላ። የረውዳ ፊት እሳት መሰለ፤ ባሕሩ ቢውጣት ደስታዋ ነበር። ግን ከጠርዙ አልተነሣችም።

«ሳቁብኝ፣ ግድ የለም» አለች። «ብቻ ቀስ ብላችሁ። ሕፃን አለ።»

ሳቁ ባንዴ አልቆመም። አንዱ ሌላውን እየጎሸመ ቀስ በቀስ በረደ። ያኔ ያቺ ትንሽ ትንፋሽ እንደገና ተሰማች፣ አሁን ሁሉም ሰማት። ሚርና ስልኳን ረስታ ወደ ገመዱ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

«የቱ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

ረውዳ በጣቷ አሳየቻት። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጎን አኖረችና ጠጋ ብላ ለሚርና ቦታ ለቀቀችላት።