ሶድ የመለሰው ሬሳ

የካድሬው ወልደየሱስ ሬሳ በሶድ የጨው ሐይቅ ላይ ተንጋሎ ሲንሳፈፍ ያገኘው ጨው አውጪው ጂሎ ነው። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተፈርክሷል። ወገቡ ላይ በገዛ ቀበቶው ከባድ ድንጋይ ታስሮበታል። ጂሎ ሬሳውን ወደ ዳር ጎትቶ የገደሉን አቀበት ወጣ፤ አፋፉ ላይ ለሟቹ የመንገድ ጓደኞች ሊናገር።

መቶ አለቃ ገልገሎ ከዱብሉቅ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ሲደርስ ጂሎ ከግራር ጋር ተጠፍሯል። የተጓዦቹ አጃቢ ሃምሳ አለቃ ቢረሳው በሰደፍ ደጋግሞ ስለመታው የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ ደሙ ደረቱ ላይ ደርቋል። ቢረሳው ፍርዱንም ጥይቱንም አብሮ ይዞ የሚዞር ሰው ነው።

«ሥራዬን ጨርሰህልኛል ማለት ነው» አለው ገልገሎ።

«የቀረው መረሸኑ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ቀትር ላይ ረሽነነው እንሄዳለን። መርከብ ሰው አይጠብቅም።»

ቢረሳው ከነጌሌ ወልደየሱስን፣ መምህር ዋቅጅራንና ነርስ ተናኘወርቅን ጭኖ ነበር የተነሳው። ሦስቱም ለትምህርት ወደ ኦዴሳ ሊሄዱ አሰብ ላይ መርከብ ይጠብቃቸዋል። መርከቡ ሜዲትራንያን ዳር ካለች ከተማ ቆሞ ሽርሽር አለ ተብለዋል። የአዶላው መንገድ ድልድይ ስለተሰበረ በአሬሮ ሲዞሩ፣ ወልደየሱስ «የሰው አገር ከማየታችን በፊት የራሳችንን እንይ» ብሎ ወደ ሶድ አስገባቸው።

«ገዳዩ እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ከሬሳው ዘንድ መጥቶ እንዴት ነህ ስለው ‹ናጋ› አለኝ። ሰው ገድሎ ሰላም ነው ይላል።»

ገልገሎ ወደ እስረኛው ጠጋ ብሎ በቋንቋው ሰላም አለው። «አካም፣ ጂሎ?»

«ናጋ» አለ ጂሎ በተሰበረ አፉ።

ገልገሎ ቁልቁል ወርዶ ሬሳውንና ድንጋዩን ሲመረምር ቆየ። አቀበቱን ሲመለስ ላብ አጥምቆት ነበር፤ ውኃ ጠየቀ።

«ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ጋሼ» አለው ዋቅጅራ።

ገልገሎ ጀሪካኑን አነሳ። እጀታው ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። በጣቱ ፋቅ አድርጎ ቀመሰው።

«ማታ የት ነበርክ፣ መምህር?»

«ጸልዬ መኪናው ውስጥ ተኛሁ። ቢረሳው አጠገቤ ሲያንኮራፋ አደረ። ወልደየሱስ ሊመሽ ሲል ፎቶ ላነሳ ብሎ ወርዶ ነበር፤ ከጨው አውጪዎቹ ጎጆ አደረ ብለን ዝም አልን።»

«ውኃውን ማን ጨረሰው?»

ዋቅጅራ ተናኘወርቅን አያት። ከአሬሮ ጀምሮ ውኃውን በኩባያ እየሰፈረች የምታድላቸው እሷ ናት።

«እኔ ነኝ» አለች። «አቧራ በዝቶብኝ ፀጉሬን ታጠብኩበት።»

«የት ነው ያደግሽው፣ ልጄ?»

«ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር።»

ገልገሎ ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰባቸው።

«ቦረና አባቱን ቀብሮ ቢመጣም ሰላምታ ሲሰጡት ‹ናጋ› ይላል። ክፉ ወሬ ከሰላምታ በኋላ ነው። ቅድም ጥርሱ ረግፎ እንኳ ለኔ እንደዚያው አለኝ።»

ቢረሳው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ድንጋዩን ተመልከቱት። ተራ ሐይቅ ቢሆን ሬሳውን ይዞ ይሰምጥ ነበር። ሶድ ግን በጨው ብዛት ሰው ያንሳፍፋል። ጂሎ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሬሳ ሊደብቅበት አይሞክርም። ድንጋዩን ያሰረው ውኃ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ግን ጨው የሌለበትን ነው።»

«ሬሳ መጎተት የወንድ ጉልበት ይጠይቃል» አለ ቢረሳው።

«እዚህ አይጠይቅም። ውኃው ይሸከመዋል፤ መግፋት ብቻ ነው። የገፋው ሰው ግን ደረቱ ድረስ ይነከራል፤ ጨው ቆዳ ይለበልባል፤ መታጠብ ግድ ነው። የጀሪካኑ እጀታ ላይ ያለው ጨው ነው። ውኃውን የጨረሰው ሰው ከሐይቁ የመጣ ነው።»

ሁሉም ወደ ተናኘወርቅ ዞሩ።

«ፀጉሬን ነው ያልኩት» አለች።

«ሹሩባሽ አልተፈታም፤ ቅቤው እንኳ አልለቀቀም።»

ተናኘወርቅ አላለቀሰችም። ድምፅዋ ብቻ ቀጠነ። «እናንተ ሳታዩኝ ተከትዬው ወርጄ ነበር። ሐይቁን እያሳየኝ ነጌሌ ላይ የረሸናቸውን ልጆች በስም ይቆጥርልኛል። የታናሽ ወንድሜን ስም ጠራ። በእናት ብቻ ስለምንገናኝ ዝምድናችንን አያውቅም። ‹ምንም አላደረግሁም እያለ፣ እየለመነ ሞተ› ብሎ ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ካሜራውን ሲያስተካክል በድንጋይ መታሁት። ከወደቀም በኋላ ክንዴ እስኪዝል መታሁት።»

እውነቱን ለመናገር ያላዘነላት አልነበረም፤ ቢረሳው እንኳ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረ። ገልገሎ የጂሎን ገመድ በጥሶ እየደገፈ አመጣና ፊቷ አቆመው።

«ወንድምሽ ያለ ጥፋቱ ተረሸነ። ይኼኛውስ ምን አድርጎሽ ነበር?»

«መርከቡ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ቦርሳዋን ከፍታ ፋሻ አወጣች፤ የጂሎን አፍ ልትጠርግለት እጇን ዘረጋች።

ጂሎ አፉን በመዳፉ ጋርዶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።