አንድ መቶ አሥራ ሁለት ድርሻ

የይርገዱ መንጋጋ ጥርስ ማክሰኞ ጠዋት ስለሚነቀል፣ ማስታወቂያው እንደ ደንቡ ሰኞ ዕለት ለእድርተኛው ሁሉ ደረሰ። «ነገ በሦስት ሰዓት፤ የታች ግራ መንጋጋ፤ የእያንዳንዱ ድርሻ የመርፌ ጫፍ ያህል። መሰላል ላይ የምትውሉ ለጥቂት ጊዜ ውረዱ» ይላል።

የላይኛው ምድር ሙቀት ሰው አላስቀምጥ ካለ ወዲህ ከስምጥ ሸለቆው ገደል ውስጥ ተፈልፍሎ በተሠራው ከተማ፣ ማደንዘዣ መርፌ ከቀረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ለነዋሪው ሁሉ ከጆሮው ጀርባ፣ ከቆዳው ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታህል አካፋይ ተተክላለታለች፤ የአንዱን ሕመም ተቀብላ ለእድሩ አባላት እኩል የምታድል መሣሪያ ናት። የጥንቱ እድር ሬሳ ይሸከም ነበር፤ የአሁኑ ሕመምም ይሸከማል። በመቶ አሥራ ሁለት ትከሻ ላይ ያረፈ ሕመም ደግሞ ሕመም አይባልም።

የሃምሳ ስምንት ዓመቷ ይርገዱ የእድሩን አካፋዮች የምታገናኘው ማሽን ጠጋኝ ናት። ማሽኑን ስለምታምነው ከሐኪሟ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ልቧ ዝንፍ አላለም። ዶክተር ትርሲት ጥርሱን ይዛ ስታወዛውዘው አጥንቱ ሲንቋቋ ተሰማት፤ የተሰማት ግን ድምፁ ብቻ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ጥርስ ነው ወይስ ዋርካ የተከልሽው?» አለች ዶክተሯ ላቧን እየጠረገች። «ይኸው ወጣ። እንደ ልጅነታችን ጣራ ላይ ትወረውሪዋለሽ?»

«ጣራው ድንጋይ ነው፣ ወፍ የለ» አለች ይርገዱ በጥጡ መሐል። «ማን ይለውጥልኛል?»

«እንግዲያውስ ስሚኝ። ጉድጓዱ ላይ የሚረጋው ደም ክዳን ነው፤ እሱ ከተነሣ አጥንቱ ይራቆታል። አትትፊ፤ በቱቦ አትምጠጪ፤ ምንም ነገር አትንፊ።»

«ፊኛ የምነፋበት ዕድሜ አልፎኛል፣ ዶክተር።»

ሐሙስ ጠዋት አፏን በጨው ውኃ ስትጉመጠመጥ አበዛችውና የረጋው ደም ከውኃው ጋር ወጣ። ያወቀችው በጠረኑ እንጂ በሕመሙ አይደለም። «ለእድሩ ትንሽ ጨመርኩበት» ብላ ተሳቀቀችና የቀዘቀዘ የአጃ ሾርባዋን በቀኝ በኩል ጠጣች።

እኩለ ቀን ላይ ሕመሙ በሙሉ መጣ።

ከመንጋጋዋ ተነሥቶ በጆሮዋ በኩል ዓይኗ ድረስ የጋለ ብረት የሰደዱባት መሰላት። በጉልበቷ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ የራሷ መሆኑን አላወቀችውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታምማ አታውቅም ነበርና እንዴት እንደሚታመም ረስታለች። ጥቂት ደቂቃ እንዲህ ሆነና እንደ መጣው ድንገት ጠፋ።

ጉንጯን በነጠላ አስራ ወደ ማሽኑ ክፍል ወረደች። ሽቦ ተቆርጦ ይሆናል ብላ ሽቦውን ሁሉ ፈተሸች፤ ደህና ነው። ኃይሉም ደህና ነው። ያልታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባላቱ ዝርዝር። ደንቡ ሠርግ፣ ፈተና ወይም አራስ ያለበት ሰው የሌላውን ሕመም እንዳይቀበል አካፋዩን ለአንድ ቀን እንዲዘጋ ይፈቅዳል፤ መልሶ የሚከፍተው ራሱ ባለቤቱ ነው። ማን ከፈተ፣ ማን ዘጋ ብሎ መመልከት ግን ነውር ነው። በሰው ትከሻ ላይ ቆጣሪ አይቆምም ተብሎ፣ በይሉኝታ፣ ይርገዱም ከእሷ በፊት የነበሩትም ዝርዝሩን ከፍተውት አያውቁም።

ከፈተችው። መቶ አሥራ አንዱ ቦታ ጨልሟል።

ከእያንዳንዱ ጎን የተዘጋበት ቀንና ምክንያቱ ሰፍሯል፤ «የልጄ ፈተና»፣ «እንግዳ አለብኝ»፣ «ለዛሬ ብቻ»። ማሽኑ የዘጋውን ወይም ራሱን የሳተውን ሰው ድርሻ ለቀረው ያስተላልፋል፤ የሚቀበል ሲያጣ ለሕመሙ ባለቤት ይመልሳል። ይርገዱ በዝርዝሩ ወረደችና የራሷን ስም አገኘች። «የልጄ ሠርግ። ለአንድ ቀን።» ስምንት ዓመት ሆኖታል።

የበራው ቁጥር አርባ ሰባት ብቻ ነበር፤ እሱም እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ እንደ ነበር ዝርዝሩ ይናገራል። ቁጥር አርባ ሰባት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው። ድግስ ላይ ፊታቸውን አጨማደው ከማዕዘን የሚቀመጡ፣ ቀልድ የማያስቃቸው ሽማግሌ ስለሆኑ ሰው ሁሉ በሌሉበት «ኮሶ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣችው ይርገዱ ናት።

ስትደርስ በራቸው ገርበብ ብሏል። መደቡ ሥር ተዘርረው አገኘቻቸውና ደግፋ አስቀመጠቻቸው። የግራ ጉንጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ልባቸው ከሸሚዛቸው ሥር ሲዘል ይታያል።

«ይርገዱ? ወደቅሁ መሰለኝ። ጥርስሽ እንዴት ሆነልሽ፣ ልጄ?»

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ብዬ?» አሉ በሐፍረት። «ለሁላችሁም እንዲህ የሚከብድ መስሎኝ ነዋ። እናንተ ችላችሁት ትስቃላችሁ፤ እኔ አንዱ ነኝ ፊቴን መግዛት ያቃተኝ። ይህ ሁሉ ሰው እየቻለ እኔ ብጮህ ነውር አይሆንም?»

«ለአንድ ቀን እንኳ ቢዘጉት?»

«አይ! እኔ ብዘጋው ድርሻዬ በናንተ ላይ ይወድቅ የለም እንዴ?»

ይርገዱ እጇን ሰደደች። ከጆሯቸው ጀርባ ሁለት ጊዜ ተጫነችና የመጨረሻውን አካፋይ ዘጋችው።

ብረቱ ወደ መንጋጋዋ ተመለሰ። የመደቡን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። የጋሽ ወንዳፍራሽ ግንባር ግን መስመር በመስመር ተፈታ፤ ከሥሩ የወጣውን ፊት ይርገዱ አይታው አታውቅም። ደግና ተጫዋች ፊት ነበር።

«ቆመ!» አሉ እንደ ሕፃን ተደንቀው። «ያንቺም ቆመልሽ?»

«ቆመ፣ ጋሼ። ይተኙ።»

ከግድግዳው ላይ ጡሩምባቸውን አወረደችና ወጣች። በዋሻው መተላለፊያ ላይ ጎረቤቷ ወይዘሮ አፀደ አገኘቻት።

«ውይ ይርገዱ፣ ምነው ኮሶ የጠጣሽ መሰልሽ? እድሩ አለልሽ አይደል! የኔ ድርሻ ማክሰኞ ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ላንቺ ከሆነ ግን ምናለበት።»

የአፀደ ቦታ ከጨለመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ይርገዱ ፊቷን አስተውላ ተመለከተችው፤ የውሸታም ፊት አይደለም። ሴትዮዋ ቁንጥጫው በእውነት ተሰምቷታል።

ይርገዱ ጡሩምባውን ከከንፈሯ አገናኝታ ነፋችው። የተራቆተው አጥንት በነፋሱ ነደደ፤ አፏ ደም ደም አለ፤ ደግማ ነፋች። በዋሻው ሁሉ በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ሥራቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። ለሞት ለመድረስ የቀረ ሰው አልነበረም።

«ማን ሞተ?» አለች አፀደ ደረቷን ይዛ።

«ገና ማንም አልሞተም» አለች ይርገዱ ከአገጯ ደሙን እየጠረገች። «ሁሉንም የተሸከመ አንድ ሽማግሌ ግን ተኝቷል። ዝርዝሩን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ የራሴም ስም አለበት።»

ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ይርገዱ እጇን ወደ ጆሮዋ ጀርባ ሰድዳ የራሷን ከፈተች፤ ከዚያም ሁለተኛ እጅ እስኪነሣ ቆማ ጠበቀች።